የውል ጋብቻ ልቦለዶች መሃል ላይ የሚቀዘቅዙት ለምንድን ነው?

ዕልባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሳይዋደዱ ለጉዳይ ሲሉ ስለሚጋቡ ሰዎች የሚተርኩትን የፍቅር ልቦለዶች ይመለከታል። አንዱ ውርሱ እንዳያመልጠው፣ ሌላዋ የአባቷ ዕዳ እንዲከፈልላት፣ ወይም ሁለቱም የሚያሳድጉት ልጅ ከእጃቸው እንዳይወጣ ብለው ይፈራረሙና አንድ ቤት ይገባሉ። አጀማመሩ ልብ አንጠልጣይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች ሳይታወቁ ያልቃሉ። ከዚያ ግን ብዙዎቹ መሃል ላይ ቀዝቀዝ ይላሉ። ሁለቱ እንደሚዋደዱማ ከሽፋኑ ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ ችግሩ መጨረሻው መታወቁ አይመስለኝም፤ መጨረሻቸው እኩል የታወቀ ሆኖ እስከ መጨረሻው ገጽ አንቀው የሚይዙም አሉና።

ገና ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አንድ መጽሐፍ እንደሚዘልቅ በምን ይታወቃል? ስታነቡስ ምን ምኑን ትከታተላላችሁ? በድሮ ዘመን ላይ የተጻፉትን ለማጣጣም የዘመኑን የጋብቻና የንብረት ሕግ ማወቅስ ምን ያህል ይጠቅማል? አስቀድሜ አመሰግናለሁ፤ እህታችሁ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው ምክንያቱ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ከማለቁ በፊት ሦስት ጥያቄ መመለስ መቻል አለብሽ። ባይጋቡ እያንዳንዳቸው ምን ያጣሉ? እስከ መቼ ጊዜ አላቸው? ለምንስ ሌላ ሰው አይሆንም? ሦስቱም ቁርጥ ያለ መልስ ካላቸው የመጽሐፉ ወገብ ጠንካራ ነው።

«አያቱ እንዳያዝኑ» የሚል ምክንያት አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ በማውራት ይፈታል። «ቤቱን ለማደስ ገንዘብ አጣች» የሚለውን ብድር ይፈታዋል። አንባቢ ይህን ከደራሲው ቀድሞ ካሰበው እምነቱ እዚያው ይሰበራል። በአንጻሩ «ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው አግብቶ ከሚስቱ ጋር 12 ወር በአንድ ጣሪያ ሥር ካልኖረ ርስቱ ለአጎቱ ልጅ ያልፋል» የሚል ኑዛዜ ብዙ ሥራ ይሠራል። ቀን ይቆጥራል፣ መራራቅን ይከለክላል፣ ውሸታቸውን ለማጋለጥ የሚጓጓ ሰውም ይፈጥራል። የአጎቱ ልጅ በስምንተኛው ወር ሻንጣውን ይዞ «ሁለት ሳምንት ላርፍ መጣሁ» ቢል ማንም አይገረምም፤ ምክንያቱ ራሱ ነው የጠራው።

ቀዘቀዘ ያልሽው ቦታም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። 300 ገጽ ባለው መጽሐፍ ገጽ 150 ላይ ዕዳው ተከፍሎ ያልቃል፤ ባልና ሚስቱ ግን አንድ ቤት ውስጥ ይቀጥላሉ። ለምን? ደራሲው ስለፈለገ ብቻ። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሁሉ የወዳጅነት ጨዋታ እንጂ ጭንቅ የለበትም። ጎበዝ ደራሲ ወይ ምክንያቱን እስከ መጽሐፉ ሦስት አራተኛ በሕይወት ያቆየዋል፣ ወይ አንዱ ሳይሞት ሌላ ይተካል። ዕዳው ይከፈላል፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት የታናሽ እህቷ እጮኝነት በዚህ ጋብቻ መከበር ላይ ይንጠለጠላል።

አንድ ልጨምር። ሁለቱም መቸገር አለባቸው፤ የችግራቸው ክብደት ደግሞ ተቀራራቢ ይሁን። እርሱ ሁሉ የሞላለት፣ እርሷ ጎዳና ልትወጣ የደረሰች ከሆነች ውሉ ውል አይደለም፤ የምትለው «እሺ» ሁሉ ከችግር የመጣ ይሆናል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚድነው ደራሲው ክፍተቱን አይቶ እርሷ እምቢ የምትልበትን አቅም ቀድሞ ሲሰጣት ነው፤ የራሷ ገቢ፣ ወይም እርሱ ብቻውን ማግኘት የማይችለው ፊርማ።

ሳቅ ወዳዷ፦
ቀይ እስክሪብቶ ባሉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ስለ አስቂኞቹ ግን ልከራከር። በሳቅ የተጻፈ የውል ጋብቻ ቀጭን ምክንያት ይሸከማል። ለአንድ እራት ግብዣ ሲባል የተዋሸ ውሸት ይበቃዋል፤ ብቻ ውሸቱ በየምዕራፉ ይደግ። እዚያ የምከታተለው ምክንያቱን ሳይሆን ምሥጢሩን የሚያውቁትን ሰዎች ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት፣ በአምስተኛው ሦስት፣ በአሥረኛው ሰባት ሰዎች ሲያውቁና ሰባቱም እርስ በርስ ሲደባበቁ መጽሐፉ ራሱን ችሎ ይሮጣል። ቁጥሩ ለረጅም ገጽ ባለበት ከቆመ ሳቁም አብሮ ይቆማል።

ምዕራፍ ሰባት፦
ምን እንከታተል ላልሽው የኔ መልስ አንድ ነው። የውሉን አንቀጾች ተከታተዪ። እንዲህ ያለ ልቦለድ ሲጀመር ሁለቱ ቁጭ ብለው ይደራደራሉ፤ ብዙ አንባቢ ይህን ትዕይንት ወደ ሠርጉ ለመድረስ ሲል በችኮላ ያልፈዋል። አትለፊው። የመጽሐፉ ካርታ እዚያ ነው ያለው። አንቀጾቹን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ገጾቹ መሃል አኑሪው። አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ይሆናሉ፦ የተለያየ ክፍል፣ በሰው ፊት እንደ ባልና ሚስት መታየት፣ ስላለፈው ሕይወት አለመጠያየቅ፣ የገንዘቡ መጠን፣ ውሉ የሚያበቃበት ቀን፣ «ፍቅር የሚባል ነገር አይነሣም»።

እያንዳንዱ አንቀጽ የሚፈርስበት ቀጠሮ አለው። ጥሩ ደራሲ ከትንሹ ይጀምራል። ቀድሞ የሚፈርሰው ማንም እንደ ቁም ነገር ያልቆጠረው ነው፤ ለምሳሌ ቁርስ ለየብቻ መብላት። ክፍል መለያየቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ስላለፈው አለመጠያየቅ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል፤ ከሰውነት ይልቅ ታሪክን ማጋለጥ ይከብዳልና። ለኔ ሚዛኑ ይህ ነው፦ በ300 ገጽ መጽሐፍ የመጀመሪያው አንቀጽ ገጽ 70 አካባቢ መሸርሸር አለበት። ገጽ 120 ደርሰሽ ሁሉም እንዳለ ከሆነ ደራሲው ጊዜ እየገደለ ነው። ሁሉም በአንድ ሌሊት ከፈረሱ ደግሞ ለቀሪው መንገድ ስንቅ አልተረፈውም። መሃል ላይ የመቀዝቀዙ ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

አንቀጹ እንዴት ፈረሰ የሚለውንም እዪ። ዝናብ፣ የተሰበረ ሠረገላ፣ አንድ አልጋ ብቻ የቀረው ማደሪያ… እነዚህ አጋጣሚዎች ናቸው። አጋጣሚ ሰዎቹን ያቀራርባል እንጂ ስለ ሰዎቹ ምንም አይነግረንም። አንድ አልጋ ያለው ክፍል ላይ ቅር አይለኝም፤ አንባቢ የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን አልጋው የሚጠቅመው ጠዋት ላይ ነው። በማግስቱ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ሲገኝ ማን ዝም አለ? ማን «ይቅር፣ ይሄው ይበቃል» አለ? የተመረጠው ያኔ ነው።

የማኅደር ሰው፦
ሕጉን በተመለከተ፦ በጣም ይጠቅማል። ከድሮ ዘመኖቹ ብዙዎቹ የሚቀመጡት እንግሊዝ ውስጥ፣ አልጋ ወራሹ በታመመው አባቱ ፈንታ እንደራሴ ሆኖ በገዛበት ከ1811 እስከ 1820 ባለው ጊዜ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ለዚያ ዘመን አራት ነገር ካወቅሽ ይበቃሻል።

አንደኛ፣ ችኮላ። በ1753 ወጥቶ በ1754 በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን፣ በምስክሮች ፊት፣ አስቀድሞ ለሦስት እሑዶች ታውጆ ወይም ፈቃድ ወጥቶለት መፈጸም ነበረበት። 21 ዓመት ያልሞላው ሰው በፈቃድ ለማግባት የወላጅ ወይም የሞግዚት ይሁንታ ያስፈልገዋል። ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ የሚገኘው ልዩ ፈቃድ ግን በፈለጉት ቦታና ሰዓት ለመጋባት ያስችላል፤ ባለ ማዕረግ ጀግኖች ይህን ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። ሕጉ ስኮትላንድን አይመለከትም፤ እዚያ በምስክር ፊት ፈቃድን መግለጽ ይበቃ ስለነበር ጥንዶች ድንበር ላይ ወዳለችው ግሬትና ግሪን ይጋልቡ ነበር። በ1856 የወጣ ሕግ ግን ከሁለቱ አንዱ አስቀድሞ 21 ቀን ስኮትላንድ ውስጥ እንዲኖር አስገደደ። በ1860ዎቹ የተቀመጠ ታሪክ ላይ በአንድ ሌሊት ግልቢያ ተጋብተው ሲያድሩ ካየሽ ስህተት ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ። ሴት ስታገባ ጥሬ ገንዘቧና ተንቀሳቃሽ ንብረቷ የባሏ ይሆናል፤ መሬቷንም እርሱ ያስተዳድራል፣ ኪራዩንም እርሱ ይወስዳል። ይህ መለወጥ የጀመረው በ1870 ሕግ፣ በደንብ የተለወጠው ደግሞ በ1882ቱ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን «እሺ» የምትል ሴት የምታስይዘው ያላትን ሁሉ ነው። ያላቸው ቤተሰቦች ከሠርጉ በፊት በጠበቃ ውል ያጽፉ ነበር፤ በየዓመቱ ለግሏ የሚሰጣት ገንዘብ፣ ባሏ ቢሞት የሚደርሳት መጠን ይወሰንበታል። ይህን ትዕይንት ደራሲው ካሳየ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሰውየው ሳይጠየቅ የግል ገንዘቧን በእርሷና በባለአደራዎቿ እጅ ብቻ እንዲሆን ካስጻፈ፣ በዚያ ዘመን ከማንኛውም የአበባ ስጦታ በላይ ተናግሯል።

ሦስተኛ፣ ፍቺ። እስከ 1857 ድረስ ዳግመኛ ለማግባት የሚያስችል ፍቺ የሚገኘው በፓርላማ በሚወጣ ልዩ ሕግ ነበር፤ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ቅሌቱም አደባባይ ይወጣል። በ1815 «ዓመት ቆይተን እንፋታለን» የሚሉ ገጸ ባሕርያት የዘመናችን ሰዎች ናቸው።

አራተኛ፣ ብዙ ደራሲ የሚሳሳትበት፦ «አብረን ካልተኛን ጋብቻው ይፈርሳል» የሚለው ውል። በእንግሊዝ ሕግ አለመተኛታቸው ብቻውን አይበቃም ነበር፤ አለመቻልን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሆን ብሎ እምቢ ማለት ጋብቻ የማፍረሻ ምክንያት የሆነው በ1937 ነው። ይህን የሚያውቅ ደራሲ ትልቅ ነገር ያተርፋል፤ ሰዎቹ መውጫ አለን ብለው ይገባሉ፣ ኋላ ጠበቃው ሲነግራቸው በሩ ከመጀመሪያው የተዘጋ መሆኑን ያውቃሉ።

ከእንግሊዝ ውጭም ሕጉ ራሱ የልቦለድ ሐሳብ የሚሆንበት አለ። በአሜሪካ የ1850ው የኦሪገን የመሬት ስጦታ ሕግ ላላገባ ሰፋሪ 320 ኤከር፣ ለባልና ሚስት 640 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ ግማሹ በሚስቲቱ ስም ሆኖ። ላጤዎቹ እጥፉን ለማግኘት እስከ ዲሴምበር 1 ቀን 1851 ማግባት ነበረባቸው። ቀነ ገደብ፣ ሁለቱም የሚያተርፉት ጥቅም፣ የሴቲቱ የራሷ መሬት፤ ቀይ እስክሪብቶ የጠየቁት ሁሉ ተሟልቷል። መሬቱ ግን ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወሰደ ነው፤ ይህን የሚሸሽ ደራሲ የሰፋሪዎቹን ፍርሃትና ጭካኔም አብሮ ስለሚሸሽ ቦታው ባዶ መድረክ ይሆንበታል።

ለዘመናችን የወረቀት ጋብቻ ታሪኮችም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ከ1986 ሕግ ወዲህ በቅርብ ጊዜ ጋብቻ የሚገኝ የመኖሪያ ፈቃድ ለሁለት ዓመት በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ነው፤ ማጭበርበሩ ከተረጋገጠ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። መርማሪው ጥንዶቹን ለየብቻ ሊጠይቃቸው ይችላል። ለዚያ ጥያቄ ለመዘጋጀት ሲሉ የጥርስ ብሩሽ ቀለም፣ የሚተኙበት ጎን፣ የእናት የልደት ቀን ይሸመድዳሉ። ለመዋሸት ብለው በእውነት ይተዋወቃሉ።

ከትርጉም ጠረጴዛ፦
እስካሁን ያልተነሣ፣ ለአማርኛ አንባቢ የተሰጠ አንድ ነገር አለ። በአማርኛ ሁለት ሰዎችን ለማነጋገር አንተ ወይም አንቱ፣ አንቺ ወይም እርስዎ መምረጥ ግድ ነው፤ እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ያልፋል። የውል ጋብቻ ልቦለድ በአማርኛ ሲጻፍ ወይም ሲተረጎም ይህ ምርጫ ያልተጻፈ አንቀጽ ይሆናል። ምዕራፍ ሰባት ባሉት ወረቀት ላይ እርሱንም ጨምሪው።

ሦስት ወር ሙሉ «ቁርስ ቀርቧል፣ ይምጡ»፣ «መጽሐፉን ጨርሰውት ከሆነ ይመልሱልኝ» ሲባባሉ የቆዩ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንድ ሌሊት እርሱን ትኩሳት ይዞት ከአልጋው ለመነሣት ይታገላል። እርሷ ሁለት ትከሻውን ይዛ «ተኛ!» ትለዋለች። ሁለት ፊደል ናት። ሲነጋ ትሪውን ይዛ ትገባና «እንዴት አደሩ?» ትለዋለች፣ ዓይኗን ትሪው ላይ ተክላ። እርሱም ትንሽ ዝም ብሎ «ማታ እንደዚያ አልነበረም ያልሽኝ» ይላል። «ያሉኝ» አላለም፤ «ያልሽኝ» አለ። ደራሲው «ልቡ መታ» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም፤ በአንድ ቅጥያ ተፈጽሟል።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንተ አንቺ ያባባላቸው ተርጓሚ ይህን ሀብት ሳይከፍተው አባክኗል። እርሱ አንቺ፣ እርሷ እርስዎ እንዲሉ ያደረገ ደግሞ ሳያውቀው ውሉን አዛብቷል፤ የዕድሜ ወይም የሹመት ልዩነት ካልጠየቀ በቀር ሁለቱ እኩል ፈራሚዎች ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን ገጽ 40 ላይ አንቺ፣ ገጽ 41 ላይ እርስዎ፣ ገጽ 43 ላይ ተመልሶ አንቺ የሚል ያልታረመ ትርጉም ነው። መጽሐፉን ከመጀመርሽ በፊት ከመጀመሪያው እኩሌታ ሦስት ንግግር ያለባቸውን ገጾች ገልጠሽ አስተያዪ። አጠራሩ ያለ ምክንያት የሚዋልል ከሆነ ሌላውም ጥንቃቄ እንደጎደለው ገምቺ።

«ባለቤቴ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። እንግዳ ፊት ትያትር ስለሆነ እንደ ልብ ይባላል። የምፈልገው ሰሚ በሌለበት መጀመሪያ የተባለበትን ገጽ ነው፤ እርሷ ብቻዋን ደብዳቤ ስትጽፍ፣ ወይም እርሱ ለፈረሱ ጠባቂ ሳያስበው ሲያመልጠው።

ዕልባት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ«ተኛ!»ንና የ«እንዴት አደሩ?»ን ምሳሌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ቀርቶኛል። መጨረሻው ላይ ውሉን ቀድደው እሳት ውስጥ ሲከቱት መነካት ሲገባኝ ምንም አይሰማኝም። ከዚያ በፊት ያለው መለያየትም ብዙ ጊዜ የተጎተተ ይመስለኛል። ጥፋቱ የት ነው?

ምዕራፍ ሰባት፦
የሁለቱም ጥፋት አንድ ቦታ ነው። ውሉ ገና እያስገደዳቸው ሳለ ወረቀቱን ማቃጠል ምንም አያወጣም፤ ቢቃጠልም አብረው ከመኖር በቀር ምርጫ የላቸውም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ምክንያቱ ይለቅ፤ 12ኛው ወር ይሙላ፣ ርስቱ ይጽና፣ ሁለቱም ያለ ኪሳራ መሄድ የሚችሉበት ጠዋት ይምጣ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ በሩ ክፍት ሆኖ ይቆይ። እርሷ ሻንጣዋን ታዘጋጅ፣ እርሱም ቃሉን ጠብቆ ሠረገላ ይዘዝላት። ሁለቱም የውሉን የመጨረሻ አንቀጽ እያከበሩ ነው የሚጎዳዱት። ያ መለያየት አይጎተትም፤ ከገጽ 20 ጀምሮ ሲመጣ ያየነው ነውና።

የሚጎተተው በር ሥር ሆኖ ግማሽ ንግግር በመስማት የተፈጠረው ነው። «ያገባኋት ለገንዘቡ ነው» ሲል ትሰማውና ትጠፋለች። ለገንዘቡ መሆኑንማ እርሷ ራሷ ፈርማበታለች! እዚህ ላይ መናደድሽ ተገቢ ነው።

ከተለያዩ በኋላ ሁለተኛ የጋብቻ ጥያቄ ይመጣል፤ እርሱን ከመጀመሪያው ድርድር ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢው። መጽሐፉን ስትጨርሺ ወዲያው ወደ ድርድሩ ትዕይንት ተመለሺ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጎበዝ ደራሲ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ጠረጴዛ፣ አንዳንዴም ያንኑ አረፍተ ነገር ይደግመዋል፤ የሚለወጠው ማን እንደሚጠይቅና ማን የአንቀጽ ለውጥ እንደሚያቀርብ ነው። መጀመሪያ «ምን ምን ትፈልጋለህ?» ያለችው እርሷ ከነበረች አሁን ጠያቂው እርሱ ነው፤ የምትመልሰውም ያኔ ለመጠየቅ ያልደፈረችውን ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
በዚህ ላይ አንድ ብቻ፦ ተመሳሳይ ምክንያት ያላቸውን ሁለት መጽሐፍ አከታትለሽ አታንብቢ። ከኑዛዜ በኋላ የዕዳውን፣ ከዕዳው በኋላ የመኖሪያ ፈቃዱን ውሰጂ። ሁለት የኑዛዜ ታሪክ ሲከታተሉ ሁለተኛው መልካም ቢሆንም እንኳ ጠበቃው ፖስታውን ሲከፍት አንባቢው ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል።

የማኅደር ሰው፦
የድሮዎቹን ስትጀምሪ ደግሞ ዓመቱን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፈልጊና ቁራጭ ወረቀትሽ አናት ላይ ጻፊው። ከ1857 በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከ1882 በፊት ነው ወይስ በኋላ? በእነዚህ ሁለት ዓመቶች ብቻ ገጸ ባሕርያቱ የፈረሙት ምን እንደሆነ ከራሳቸው በላይ ታውቂያለሽ።

ዕልባት፦
ወረቀቱን ቆርጫለሁ። ስድስት መስመር፣ ከታች ደግሞ «አንቱ — እስከ ገጽ ስንት?» ብዬ ባዶ ቦታ ትቻለሁ።